ግማሹ ያለቀሰበት፣ ግማሹ የጨፈረበት ዘፈን

አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ በጥር ጉም አይጠበቅም። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ደረቅ ፀሐይ፣ ሲመሽ ደግሞ አጥንት የሚሰብር ብርድ። በሙሽራው በቃለ አብ ቅልቅል ቀን ግን ጉሙ ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ በኩል፣ ገደሉን እየቧጠጠ ወጣና ገና በጠዋቱ ከተማዋን ዋጣት። ዳስ ጣዮቹ ምሰሶውን በእጃቸው እየዳበሱ ነው ሥራቸውን የጨረሱት። ወጥ የምታማስለው ሴት አጠገቧ የቆመችውን በድምፅ እንጂ በመልክ አልለየቻትም። አሁን ይገፈፋል፣ አሁን ይገፈፋል ሲሉ ቀትር ሆነ። ጉሙም እንደ ቤተ ዘመድ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ሠናይት ጊታሯን በጋቢ ጠቅልላ የጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጣለች። የሙሽራው ታላቅ እህት ናት። ደብረ ብርሃን ላይ እሷን የማያውቅ ሰርገኛ የለም። ዘፈኗ በሚኒባሱም፣ በጸጉር ቤቱም፣ በየሰዉ ስልክም ይጮሃል። ጎረቤላ ላይ፣ በተወለደችበት ደጅ ግን፣ አንድም ቀን ዘፍና አታውቅም። የጠራትም የለም። ዛሬ ትዘፍናለች። አባቷ የፈቀዱላት አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ይህቺ አንዷ ካማረች የአገሯ ሰው ዘፋኝ ብሎ ይቀበላታል፤ ካላማረች እንደ እስከዛሬው "ያቺ የመሪጌታ ልጅ፣ ፋብሪካ የገባችው" እንደተባለች ትቀራለች።

እዚህ እንዴት እንደደረሰች ከሥሩ ማውራት ይሻላል።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ የዜማ አስተማሪ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የቆሎ ተማሪዎቹ ደጃፋቸው ላይ ተሰብስበው ሲያዜሙ ሠናይት ማጀት ሆና አብራ ታዜም ነበር። መሪጌታ ጆሯቸውን አቁመው "ማነው ይሄ ቀጭን ድምፅ?" ሲሉ ተማሪዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይሳሳቃሉ። ማን እንደሆነ አባትየው ያውቁ ነበር። "ዝም በይ" ብለዋት ግን አያውቁም።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋረጠች። እናቷ እግራቸውን ታመው ተኙና ቤቱን የሚይዝ ሰው ታጣ። ለአንድ ዓመት ነው ተባለ። የሴት ልጅ አንድ ዓመት እንዲህ በዋዛ አያልቅም፤ ዓመቱ ዓመት ይወልዳል። እናቷ ዳኑ፣ ታናሽ ወንድሟ ቃለ አብ ተማረ፣ መምህር ሆኖ እነዋሪ ተመደበ፤ እሷ በዚያው ቀረች። ማንንም አልወቀሰችም። ቢወቅሱስ ምን ይገኛል?

ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ወጣች። ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠረች። የመሸመኛው አዳራሽ ጩኸት ሰው ከሰው አያናግርም፤ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በእጅ ምልክትና በከንፈር ነው። ሠናይት ይህን ጩኸት ወደደችው። እዚያ ውስጥ ቢዘፍኑ ማንም አይሰማም፤ እንደልቧ ዘፈነች። ክሩ ሲበጠስ እየቋጠረች፣ ግጥም ከግጥም እየቋጠረች፣ ፈረቃው ሳታውቀው ያልቃል።

አንድ ቀን ጉሮሮዋን ከፍታ በምትዘፍንበት ሰዓት መብራት ጠፋ። ማሽኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። የሠናይት ድምፅ ብቻ አዳራሹን ሞልቶ ቀረ። ዞር ስትል ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያታል። አፏን በእጇ ሸፈነች።

"ምነው ዘጋሽው?" አለች አንዷ ከሩቅ። "መብራቱን እነሱ ያጥፉት፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?"

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር "ሠናይት፣ መብራት ጠፍቷል!" የሚል ጥሪ ሆነ። አለቃው ሳይቀር ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መብራቱ ሲመጣ ማጉረምረም የተጀመረው ያኔ ነው።

የፋብሪካው የዓመት በዓል ላይ እንድትዘፍን ስትጠየቅ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ተፈለገና ዓብዱ መጣ። ዓብዱ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው። ቀን ቀን ስልክ ይጠግናል፣ ቅዳሜና እሑድ በየሰርጉ ኪቦርድ ይጫወታል፤ አፉ አያርፍም። ሠናይት የራሷን ዘፈን ስታሰማው ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አንጠልጥሎ ቀረ።

"ይሄን ማነው የደረሰው?"

"እኔ ነኛ።"

"ዜማውንም?"

"ዜማውንም። ማሽን ላይ ሆኜ መጣልኝ።"

"ማሽኑ ደረሰው በይኛ!" ብሎ ሳቀ። "ወላሂ ዜማው ያምራል። ግን ሠኒ፣ ቀሰስ ይላል። ሰው እንዲህ እየተንቀራፈፈ ፍቅር አይዘውም። በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ የተንቀራፈፈ ሰው ቆሞ ይደርቃል። ፍጠኚ!"

ፈጠነች። ዓብዱ ከስሩ ምት አስገባበት። ያ ዝግ ያለ ዜማ ትከሻ የሚነቀንቅ ሆኖ ወጣ።

*የደብረ ብርሃን ብርድ ይገባል ካጥንቴ፣*
*ጋቢህን አካፍለኝ አትሁን ጎረቤቴ።*

*ለአገሩ ብርድ ልብስ ቀን ስሠራ ውዬ፣*
*ማታ ብርድ ገደለኝ ምን ይሻላል ሆዬ።*

የፋብሪካው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ብርድ ልብስ ሠሪ በረደኝ ብላ ስትዘፍን ማን አይስቅ? ዘፈኗ "ጋቢህን አካፍለኝ" ተባለች። ዓብዱ ቤት ውስጥ ቀረጻት፤ በስልክ ተበተነች፣ ከስልክ ወደ ሬዲዮ ሄደች። ቀጥሎ ሌላ ደረሰች፤ ስለ ገብስ እሸት፣ ስለ ሚኒባስ ረዳት፣ ደብዳቤ ትቶ በስልክ ስለሚያኮርፍ ፍቅረኛ። ዓብዱ ከአዲስ አበባ ያመጣው ጊታር ነበረው፤ ለሱ አልሆነለትምና ለሷ ሰጣት። ጣቶቿ ክር የለመዱ ስለነበሩ ቶሎ ገባት። ሰው ዘፈኗን ምን ብሎ እንደሚጠራው ቸገረው። ባህላዊ ነው እንዳይሉ ጊታር አለው፤ ዘመናዊ ነው እንዳይሉ ወሬው ሁሉ ስለ ጋቢና ስለ ገብስ ነው። ሰርገኛው ግን ስም ሳያወጣለት ጨፈረበት። ከለሚ እስከ ደብረ ሲና ያልሄደችበት ዳስ የለም።

ጎረቤላ ብቻ ቀረች።

የመሪጌታ ጓደኞች ከቅዳሴ ሲወጡ "ልጅዎ ዘፋኝ ሆነች አሉ?" ይሏቸዋል።

"ፋብሪካ ናት" ይላሉ መሪጌታ።

"በሬዲዮ ሰማናት እኮ!"

"ፋብሪካ ናት።"

ለበዓል ቤት ስትመጣ ስለ ሁሉም ነገር ይጫወታሉ፤ ስለ ዘፈን አይነሳም። አንዴ ጎረቤት ሬዲዮ ላይ "ጋቢህን አካፍለኝ" ሲመጣ አባቷ ብድግ ብለው መስኮቱን ዘጉ። ሠናይት አየች። የካህን ልጅ አዝማሪ ሆነችባቸው፣ አፈሩብኝ አለች። ሌላ ምን ትበል? ሰው የአባቱን ዝምታ ሲተረጉም ሁልጊዜ መጥፎውን ነው የሚመርጠው። ተቀብላው ኖረች፤ ግን አልለመደችውም።

ቃለ አብ እነዋሪ ላይ ይመኙሻል የምትባል ልጅ አጭቶ የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ አባቱ ፊት ቆመ።

"አባዬ፣ እህቴ ካልዘፈነችልኝ አላገባም።"

"እሱን ለይመኙሻል ንገራት" አሉ መሪጌታ። ቆይተው ግን ሠናይትን አስጠሯት። "በቅልቅሉ ቀን አንድ ትዘፍኛለሽ። አንድ ብቻ። አስበሽ ምረጪ።"

ሠናይት አሰበች። ሰንብታ አሰበች። ከሁሉ የምትወደደውን፣ የማታሳፍረውን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን መረጠች።

የሙሽራዋ ወገኖች ከጅሩ፣ ከእነዋሪ በሁለት መኪና መጡ። ቅልቅል ማለት የሁለቱ ወገን ዘመድ ተቀላቅሎ የሚበላበትና የሚተዋወቅበት ቀን ነው፤ ስድቡም ግጥሙም የሚፈቀደው ያኔ ነው። ከፊት የሚመጡት የሙሽራዋ አጎት አቶ ዘሥላሴ፣ ሰፊ ጋቢ የለበሱ ግዙፍ ሰው፣ ጉሙ ውስጥ ቆመው ዱላቸውን አወዛወዙ።

"ቤት ለእንግዳ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቤቱ የታለ? ሰዎቹስ የታሉ? አንኮበሮች፣ እናንተ ወሬ ብቻ ናችሁ እንዴ!"

"ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ!"

"በየት በኩል?"

ሰው በሳቅ ወደቀ። ገና ሳይቀመጡ የጅሩ ልጆች ጀመሩ፦

*ምሳችሁ ጉም ሆኖ ራታችሁ ደመና፣*
*የጅሩ ልጃችን በምን ትወፍርና?*

የጎረቤላ ሴቶች ለዚህ ተዘጋጅተው ነው የጠበቁት። የጅሩ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው እግር እንደማይለቅ አገር ያውቃል፦

*ከዋልካ ጎትተን እኛ ባናወጣት፣*
*ጫማዋስ ቀርቷል፣ እሷን ማን ባመጣት!*

ይመኙሻል ራሷ እንኳ ሙሽራነቷን ረስታ ሳቀች። ምሳ ተበላ። ለዓብዱ ከሙስሊም ጎረቤት ቤት ተለይቶ የተሠራ ምግብ መጣለት፤ የጅሩ ጎረምሶች "የሱ ሥጋ ይበልጣል" ብለው አንጎራጎሩ። ሁሉም መልካም ነበር። የሠናይት ተራ ደረሰ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ዓብዱ የተከራየውን ጄኔሬተር ገመድ ጎተተ፤ አልተነሳም። ደጋግሞ ጎተተ። ጉሙ ከላዩ ላይ እንደ ላብ ይንጠባጠባል።

"ምን ሆነ?" አለች ሠናይት።

"ጉም ጠጥቷል። የናንተ አገር አየር እኮ በማንኪያ ይጠጣል።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ጊታርሽ መብራት ይፈልጋል እንዴ? ግቢና ዝፈኚ። እኔ አጨበጭባለሁ።"

ገባች። ከግራ የጎረቤላ ሰው፣ ከቀኝ የጅሩ ሰው፣ ከፊት ካህናቱ፣ በመካከላቸው አባቷ። ጊታሩን ሲያዩ አንዲት አሮጊት "ይሄ ክራር ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው?" አሉ። ሠናይት ፈገግ ብላ ክሩን ነካ ነካ አደረገችው። ከስሩ የሚደግፋት ምት የለም፤ ድምጿ እንዳይሰበር ብላ ዜማውን ዝግ አደረገችው። ያ መጀመሪያ ማሽን ላይ እንደመጣላት ሆነ።

*የደብረ ብርሃን ብርድ ይገባል ካጥንቴ…*

የጅሩ ጎረምሶች ዘፈኗን በስልካቸው ያውቋታል። "ኧረ እሷ ናት!" ብለው ብድግ አሉ። ዝግ ብትልም ጉዳያቸው አልነበረም፤ ምቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ፤ ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ።

በግራ በኩል አንዲት ሴት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ሌላዋ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሦስተኛዋ "ወይኔ ወንድሜን!" ብላ አነባች። የሷን አይታ ጎረቤቷ፣ የጎረቤቷን አይታ ማዶ የተቀመጠችው፤ ከመቅጽበት የግራው ወገን ሁሉ ደረቱን እየደቃ ተነፋረቀ።

ሠናይት አየች። የመጣላት ሐሳብ ግን "ዛሬ ነካኋቸው" የሚል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ሰርግ አልገጠማትም። ልቧ ሞላ፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ይባስ ብላ ዜማውን ጎተተችው። ከቀኝ ወገን እስክስታው ደመቀ፣ ከግራው ወገን ለቅሶው ደመቀ። ዓብዱ መሐል ቆሞ ጭብጨባውን ከየትኛው ጋር እንደሚያስኬድ ጠፍቶት አንዴ ያፈጥናል፣ አንዴ ያቆማል።

ያኔ ከግራው ወገን ጥግ የአንዲት ሴት ድምፅ ተነሣ። እትዬ ፍቅርተማርያም ናቸው። ጎረቤላ ላይ ለቅሶ ሲሆን ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ከል እንደለበሱ አሉ፤ ዘመድ ጎረቤት ስንቴ አውልቂ ቢላቸው እምቢ ብለዋል። ተቀምጠው፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ሆኖ፣ በዚያው በሠናይት ዜማ መለሱላት፦

*ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገት ላይ የቀረ፣*
*መጣሁ ጠብቂኝ ብሎ ለካ ሊሄድ ኖረ።*

የሠናይት እጅ ጊታሩ ላይ ደረቀ። ዜማው ከማን እንደመጣላት ገባት። እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ፣ ከዚያም የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ በየለቅሶው የሰማችው ነው። እትዬ ፍቅርተማርያም ለባላቸው ያወጡት፣ የአገሩ ሴት ሁሉ ተቀብሎ ለራሱ ሙት ያለቀሰበት። የለቅሶ ዜማ ቤት ውስጥ አይንጎራጎርም፤ ሟርት ነው። ስለዚህ ከለቅሶ ውጭ ሰምታው አታውቅም፣ አታስታውሰውምም። ነፍሷ ግን አስቀምጣው ኖራለች። ዓብዱ ሲያፈጥነው ጊዜ ደግሞ የወለደችው እናት እንኳ አትለየውም ነበር። ዛሬ ከነገላው ወጣ።

አቶ ዘሥላሴ ብድግ አሉ። ዱላቸው መሬቱን መታ።

"ቁሙ!" የጅሩ ጎረምሶች ትከሻ ባለበት ቀረ። "ምንድነው ይሄ? እኛ የሰጠናችሁ ሙሽራ ነው ወይስ አስከሬን? ልጃችን በገባች በሳምንቱ ደረት ይመታባታል?"

"ጋሼ፣ ይረጋጉ…" አለ ቃለ አብ።

"አልረጋጋም! ሟርት ነው ይሄ! ይመኙሻል፣ ተነሺ፣ እንሄዳለን!"

ይመኙሻል ተቀምጣ እንዳለች አንገቷን ቀና አደረገች። "ጋሼ፣ እኔ ጫማዬን አውልቄያለሁ። የትም አልሄድም።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ አቶ ዘሥላሴ ግን አልሳቁም። ከበስተጀርባቸው የጅሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል። ሠናይት ጊታሩን አቅፋ መሐል ላይ ቀረች። የወንድሟን ቅልቅል አፈረሰች። አንዷ ዘፈኗ ይህችው ሆነች።

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ተነሡ።

"አስበሽ ምረጪ አላልኩሽም?"

"አስቤ ነው አባዬ። ከሁሉ ጥሩዋን ነው የመረጥኩት።" ጊታሩን ዝቅ አደረገች። "የማን እንደሆነ አላወቅኩም። እግዜር ያውቃል፣ የራሴ መስሎኝ ነው።"

አባትየው ልጃቸውን አተኩረው አዩዋት። ለሳቸው ዜማ ቢፈጥንም ቢዘገይም ያው ዜማ ነው፤ በሬዲዮ የሰሟት ዕለት ነው የለዩት።

"አላወቅሽም?"

"አላወቅኩም።"

"እኔ ደግሞ እያወቅሽ የሰው ሐዘን ታስጨፍሪበታለሽ ብዬ… ስንት ዘመን መስኮት ዘጋሁ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ አቶ ዘሥላሴ ዞሩ። "አማቼ፣ ሟርት አይደለም፤ አለማወቅ ነው። ልጄ ናት፣ ጥፋቱም የቤቴ ነው። ግን ይቅር ማለት የርስዎም የኔም አይደለም። የዜማው ባለቤት እዚያ ተቀምጣለች።"

ዳሱ ሁሉ ወደ እትዬ ፍቅርተማርያም ዞረ። ሠናይት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"ተነሽ፣ ጊታርሽ ይሰበራል" አሉ እትዬ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "እንደ ሬዲዮኑ ዝፈኚልኝ እስቲ። ሚኒባስ ላይ ስሰማው አንጀቴን እየበላኝ ምን እንደሆነ ሳላውቀው ከርሜያለሁ።"

"እትዬ፣ ኪቦርዱ መብራት…"

"ከበሮ የለም እንዴ? ሰርግ ቤት አይደል?"

ዓብዱ ከበሮውን ከሴቶቹ ተቀብሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። "ወላሂ እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ፍጠኚ ያልኳት እኔ ነኝ።"

"አንተ ደግሞ ምታ፣ አታውራ!"

መታ። ሠናይት ዘፈነች፤ አሁን ፈጠን አድርጋ፣ የምትዘፍነውን እያወቀች። እትዬ ፍቅርተማርያም ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ሁለተኛው ግጥም ላይ ሲደርስ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ብልጭ አለ።

"ገብረአማኑኤል በሕይወት ሳለ" አሉ ጮክ ብለው፣ ስለ ሟች ባላቸው፣ "ያልተጠራበት ሰርግ እንኳ አያመልጠውም ነበር። ከአልዩ አምባ ገበያ ጭነቱን ሳያራግፍ ነው የሚገባው። በቅሎዋ ደጅ ትቆማለች፣ እሱ ውስጥ ይጨፍራል። በሙሾው ሰርግ ብትዘፍኑበት የሚቆጣ ሰው መሰላችሁ?"

ጥቁሩን ሻሽ ከራሳቸው ፈቱት። ሽበታቸው ታየ። "ዜማዬ ከሉን ካወለቀ እኔ ምን ቤት ነኝ?" ብለው ሻሹን ለጎረቤታቸው አቀበሉና ተነሡ። መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ነው የነቃው። ቀጥሎ ወገባቸው። ሴቶቹ እያነቡ እልልታውን አቀለጡት። አሁን ያስለቀሳቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ለዓመታት የለመኗቸውን ነገር በገዛ እጃቸው ሲያደርጉት አይተው ነው። የዜማው ባለቤት ከተነሣች ማን ይቀመጣል? የግራው ወገን ሁሉ ወደ መሐል ወጣ፤ ቆመው የቀሩት የጅሩ ጎረምሶችም ካቆሙበት ቀጠሉ።

አቶ ዘሥላሴ ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ ቆዩ። እትዬ ፍቅርተማርያም እየጨፈሩ ፊታቸው ደርሰው ትከሻቸውን ሰበቁባቸው።

"ኧረ ተዉ እናንተ!" አሉ አቶ ዘሥላሴ፣ ጋቢያቸውን ለአንዱ እየወረወሩ። "አልቃሻችሁ እንዲህ ከጨፈረች ጨፋሪያችሁ ምን ሊሆን ነው!"

ወረዱ። እግራቸው ከብዶ ዳሱ ቢናወጥም ጭፈራ ያውቁ ኖሯል።

ድካም ሲመጣና ሰው ሲቀመጥ መሪጌታ ሠናይት አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብርሌያቸውን ያዙሩታል እንጂ አይጠጡም። ትልቅ ንግግር የሚያደርጉ መስሏት ጠበቀች።

"ሁለተኛው ስንኝ ላይ" አሉ፣ "ድምፅሽን ቶሎ ትጥይዋለሽ።"

"የቱ ጋ አባዬ?"

"'ጋቢህን' ስትዪ። ያዝ አድርጊው። ልክ እንደዚህ…" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አሳዩዋት። ሠናይት አፏ ተከፍቶ ቀረ። መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ጋቢህን አካፍለኝ እያሉ ነው! ዓብዱ ከጎኗ አይቶ ስልኩን ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘችው። አባቷ የነገሯትን ደግማ አዜመችላቸው። "አሁንም ትንሽ ቀረሽ" አሏት። እንደ ተማሪ ደጋገመችው፤ ደስታዋን የምታስቀምጥበት ጠፋት።

እትዬ ፍቅርተማርያም ግን እንዲሁ አልለቀቋትም። ሲሰነባበቱ ክንዷን ያዙ።

"ዜማዬን ወስደሻል፤ ይቅር ብያለሁ። ግጥሜንስ ማን ይዘፍነዋል?"

"እትዬ፣ የሰርግ ዘፈን ላይ ሙሾ…"

"መጨረሻው ላይ አስገቢው። ጨፍረው ጨፍረው ሲደክማቸው ይስሙት። ገብረአማኑኤልም ሰርግ የሚያበቃው እንደዚያ ነው ይል ነበር።"

ሠናይት ቃሏን ጠበቀች። በዓመቱ ዘፈኗን እንደገና ስትቀርጽ እትዬን ደብረ ብርሃን ድረስ አስመጣች። የዓብዱ ክፍል ውስጥ ጸጉራም ሽፋን የለበሰው ማይክ ፊት ሲቆሙ "ይሄን ቡችላ አርቁልኝ" ቢሉም አንዴ ከጀመሩ ማንም አላቆማቸውም። ምቱ ቀስ ብሎ ይሞታል፣ ጊታሩ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ የእሳቸው ድምፅ ይመጣል። ዓብዱ ሰው ይሄን አይወድም ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ከሁሉ የተወደደው እሱ ሆነ። ቁልቁለቱን ወርዶ የቀረውን ሰው ስም እየጠየቀ የሚደውል እንኳ አለ።

እትዬ አሁን ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ለቅሶ ሲሆን ግን ዛሬም ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው፤ በአዲስ ዜማ። የድሮው ለሰርግ ሆኗልና የጎረቤላ ሴቶች በሱ ማልቀስ ትተዋል። አዲሱን ሲያወጡ ሠናይት አጠገባቸው ካለች አስቀድመው "አንቺ ጆሮሽን ያዢ" ይሏታል።

ቃለ አብና ይመኙሻል እነዋሪ ናቸው፤ አንድ ልጅ ወልደዋል። ዓብዱ አዲስ ጄኔሬተር ገዝቷል፤ አንኮበር ሲሄድ በላስቲክ ጠቅልሎ ነው። ሠናይት ደብረ ብርሃን ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋብሪካ ትገባለች፣ ቅዳሜና እሑድ ትዘፍናለች። የጥር ሰርግ ሲሆን ጎረቤላም ትጠራለች፤ ዘንድሮም ተጠርታለች።